አጥሚት ጠጥቼ ያበላሸሁት ምርመራ

አባቴን የገደለው ጉሮሮው ነው። መጀመሪያ ደረቱን ያቃጥለው ነበር፤ በኋላ ውሃም አልወርድ አለው። እኔንም ማቃጠል ሲጀምረኝ ዶክተሩ፣ «አሲድ ይመስለኛል፤ ካልሆነ ሌላ ነገር እንፈልጋለን» አለኝ። ያ ሌላ ነገር ምን እንደሆነ እኔ አውቀዋለሁ። ፈራሁ።

ከምርመራው በፊት የአሲድ መድኃኒቴን ለአንድ ሳምንት እንዳቆም ታዘዝኩ። ያ ሳምንት አይነሣብኝ። ቀኑ ሲደርስ ነርሷ በአፍንጫዬ ቀጭን ቱቦ አስገባች፤ «ዋጥ፣ ዋጥ» ትለኛለች፣ እንባዬ ዝም ብሎ ይወርዳል። ጫፉን ጉንጬ ላይ በፕላስተር ለጥፋ ወገቤ ላይ ካለች፣ አሲዱን ከምትመዘግብ ትንሽ መሣሪያ ጋር አገናኘችው። ሲያቃጥለኝ ቁልፏን እንድጫን፣ እስከ ነገ ድረስም የወትሮዬን እንድበላ ነገረችኝ።

የወትሮዬን ማን ሊያበላኝ? ታራዴል ሰፈር ያለው ቤታችን ስደርስ ባለቤቴ ቱቦውን አይታ ደነገጠች። ለአንዲት ጎረቤት ብቻ ነበር የነገረችው። አመሻሹ ላይ ሳሎኑ በጠያቂ ሞላ። እንደኔው ከወሎ የመጡ አንድ ሽማግሌ ዱዓ አደረጉልኝና ሚስታቸው በፔርሙዝ የላኩትን አጥሚት ቀዱልኝ።

«ጋሼ፣ ኖርማል ምግብ ብላ ነው የተባልኩት» አልኳቸው።

«ቱቦ በአፍንጫህ ተሰክቶ ወጥ አማረህ? ጠጣ ልጄ።»

እምቢ ማለት አልሆነልኝም። ጠጣሁ። ደግሞ ተስማማኝ፤ ቁልፏን አንዴም ሳልነካ አደርኩ። ባለቤቴ ፈተና ያለፍኩ ያህል ደስ አላት።

ዶክተሩ ውጤቱን አይቶ «አሲድ የለም» ሲለኝ አባቴ ፊቴ ላይ ድቅን አለ። ከዚያ ምን እንደበላሁ ጠየቀኝ፤ ነገርኩት። «አጥሚትማ አሲድህን አያስነሣውም፤ ይደገም» አለኝ። ምርመራው እንዲደገም ወረፋ ያዝኩ፤ እስኪደርሰኝ እያንዳንዷን ጉርሻ በፍርሃት ነው የዋጥኩት።

በሁለተኛው ምርመራ ቀን ባለቤቴ ስልኳን አጠፋች፣ በሩን ቆለፈች፣ የወትሮውን ቀይ ወጥ ሠራች። ፊት ለፊቴ ተቀምጣ በእጇ አጎረሰችኝ። ብዙም ሳይቆይ ደረቴ መቃጠል ጀመረ። እንዳላስጨንቃት ጥርሴን ነክሼ ቁልፏን ሳልነካ ቀረሁ።

ፊቴን አየችኝ። እጇን ወደ ወገቤ ሰደደችና ቁልፏን ራሷ ተጫነችው።

«አሲድ ይሁን፣ ያ ረቢ፣ አሲድ ብቻ ይሁን» አለች፤ ሌላ ጉርሻም ጠቀለለችልኝ።