ለአማቴ የጀመርኩት ባሕር

አማቴ ልጃቸውን ካገባሁ ጀምሮ «እርስዎ» ነው የሚሉኝ። እኔ እርሳቸውን እርስዎ ማለቴ ደንብ ነው፤ እርሳቸው እኔን ማለታቸው ግን ያንገበግበኛል። የሌሎቹን ሴት ልጆቻቸውን ባሎች አንተ ይላሉ። አንደኛውንማ «አንተ ጅል» ሲሉት በጆሮዬ ሰምቼ ቀንቻለሁ። እኔ ዘንድ ሲደርሱ «ይቀመጡ»፣ «ይብሉ»፣ «እንዳይቸገሩ» ይመጣል። ባለቤቴ «እማዬ የድሮ ሰው ናት፤ አማችን አንቱ ማለት ክብር ነው» ትላለች። ታዲያ ክብሩ ለእኔ ብቻ የተረፈው ለምንድን ነው? ሰው እንግዳውን እንጂ ልጁን እርስዎ አይልም። እናቴን በልጅነቴ ያጣሁ ሰው ነኝና ነገሩ ሆድ ያስብሰኛል።

እኚህን ሴት አንተ ለማሰኘት ያላደረግሁት የለም። የመጨረሻው ሙከራዬ ጉርድ ሾላ፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ባሕር መሥራት ነበር።

አማቴ ወጣትነታቸውን ያሳለፉት አሰብ ነው፤ ነፍሳቸውን ይማርና ባላቸው ወደቡ ላይ ይሠሩ ነበር። አንድ የበዓል ቀን ስለ አሰብ ተጠይቀው፣ ሙቀቱን ረግመው ሲያበቁ፣ ባላቸው አንድ ጊዜ በጀልባ ወስደው ያሳዩአቸውን ነገር አነሡ። ውሃው ሥር ያለ፣ ድንጋይ የሚመስል ግን ሕይወት ያለው፣ ቀይና ሐምራዊ የአበባ ማሳ። ኮራል ማለታቸው ነው። «እንደዚያ ያለ ነገር ከዚያ ወዲህ አላየሁም» አሉ። ሌላ አማች ቢሆን ስልኩን አውጥቶ ፎቶ ያሳያቸውና ወጡን መጨለፉን ይቀጥል ነበር። እኔ ግን የኬሚስትሪ አስተማሪ ነኝ። ቦሌ ውስጥ ኮራል የሚያረባ ሰው እንዳለም ሰምቻለሁ። እዚያው ገበታው ላይ እንዳለሁ በሆዴ አቀድኩ።

ሰውየው ቁራጭ ሊሰጠኝ አላቅማማም፤ ብቻ «መጀመሪያ ውሃህን አስተካክል» አለኝ። ኮራል ቅምጥል ፍጡር ነው፤ የቧንቧ ውሃ ይገድለዋል። ስለዚህ ማጣሪያ ገዛሁ። ማጣሪያው አንድ ጄሪካን ንጹሕ ውሃ ለመስጠት ሌላ ብዙ ጄሪካን ወደ ፍሳሽ ይደፋል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሕንፃ፣ ጎረቤቱ ሁሉ በርሜሉን ለመሙላት ሲራወጥ፣ እኔ ውሃ ስደፋ እውል ጀመር። ባለቤቴ የሚደፋውን በሳፋ እየተቀበለች ልብስ ታጥብበታለች። «ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ» ትላለች፣ ለልብሱ የምታወራ መስላ።

ጨዉም እንደ ወጥ ጨው አይደለም። አፋር ላይ ጨው በግመል በሚጫንበት አገር እየኖርኩ፣ ዱባይ በሚመላለስ ጓደኛዬ ሻንጣ ጨው አስመጣሁ። ኤርፖርት ላይ ፈታሾቹ ነጩን ዱቄት አይተው ምን እንደሆነ ቢጠይቁት «ጨው» ብሎ መለሰ። ከዱባይ ጨው ተሸክሞ የሚመጣ ኢትዮጵያዊ መኖሩን እስኪያምኑ ድረስ ላብ አጥምቆታል። ከዚያ ወዲህ ምንም ነገር አምጣልኝ ብዬው አላውቅም።

ውሃው ተጣርቶ፣ ጨው ገብቶበት፣ በማሞቂያ ለብ ብሎ፣ ድንጋይ ከተደረደረበት በኋላ ደግሞ መብሰል አለበት። ቆሻሻ የሚበሉት ባክቴሪያዎች እስኪበዙ ድረስ ምንም አይገባበትም። ለሳምንታት ሳሎናችን ውስጥ በሰማያዊ መብራት የደመቀ፣ ውሃና ድንጋይ ብቻ የሞላበት የመስታወት ሳጥን ተቀመጠ። ጎረቤት መጥቶ «ዓሣው የታል?» ሲል «ገና ነው» እላለሁ። አማቴ እሑድ እሑድ ከቦሌ ሚካኤል ይመጣሉ፤ የባሕሩን ምክንያት ስላልነገርኳቸው የአማቻቸው ጤና ያሳስባቸው ነበር መሰለኝ። መስታወቱን ጎንበስ ብለው አይተው «ድንጋዮችዎ እንዴት ሰነበቱ?» ይሉኛል። ያ አንተ የሚባለው የታደለ ጅልም አንድ ቀን መጥቶ የጨዉን ከረጢትና ድንጋዩን ሲያይ «ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለዚያ ድንጋይ ነህ ብለው ይጥሉሃል» አለኝ። እንደ ጅል አልተናገረም።

ከሥራ መልስ ውሃውን በብልቃጥ እየቀዳሁ የመመርመሪያ ጠብታ እጨምርበታለሁ። ቀለሙ ከሮዝ ወደ ሰማያዊ እስኪለወጥ የፈጀው ጠብታ ካልሲየሙ ምን ያህል እንደሆነ ይነግረኛል። መቼ ሰማያዊ እንደሆነ ግን ከባለቤቴ ጋር ተስማምተን አናውቅም። እኔ ሰማያዊ ስል እርሷ ሐምራዊ ትላለች፤ በመጨረሻ «አስተማሪው አንተ ነህ» ብላኝ ትሄዳለች።

አንድ እሑድ ሥራው ሊያበቃ ምንም አልቀረውም ነበር። በማግስቱ ኮራሉን ላመጣ ከቦሌው ሰውዬ ጋር ተቀጣጥሬአለሁ። ጠዋት ስለካ ካልሲየሙም ዝቅ ብሏል፣ ውሃው እንዳይኮመጥጥ የሚጠብቀው ካርቦኔትም ዝቅ ብሏል። ለየብቻ በሁለት ጠርሙስ የተዘጋጀ ማስተካከያ አለኝ። ሕጉ አንዱን ዛሬ፣ ሌላውን ነገ፣ በጥቂት በጥቂቱ ጨምር ይላል። ግን አማቴ ለምሳ መጥተው ከጎኔ ቆመዋል፤ እኔም ምሥጢሬን ላወጣላቸው ቸኩያለሁ።

«እማማ፣ አሁን ይመልከቱ» አልኩና የመጀመሪያውን ጠርሙስ ገለበጥኩት። ውሃው ጥርት እንዳለ ቆየ። ሁለተኛውን አስከተልኩ።

ካልሲየምና ካርቦኔት በአንድ ውሃ ውስጥ ሲገናኙ ነጭ ነገር ሆነው ይዘቅጣሉ። ይህን በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ፤ ፈተና ላይም አወጣዋለሁ፤ የተሳሳተ ተማሪ ቢኖር «ትናንት ያልኩትን ዛሬ ትረሳለህ?» እለዋለሁ። ነጩ ነገር ጠመኔ ነው። ዕድሜ ልኬን በጠመኔ የኖርኩ ሰው በሳሎኔ አንድ ሳጥን ሙሉ ጠመኔ ፈበረክሁ።

«ወተት ነው እንዴ የጨመሩበት?» አሉ አማቴ።

ወዲያው ውሃውን የሚያዘዋውረው ፓምፕ በጠመኔው ታፍኖ ይንገጫገጭ ጀመር፤ ቱቦው ተፈናጥሮ ነጩን ውሃ ወለሉ ላይ ይረጨው ገባ። ደነገጥኩ። ፓምፑን ላወጣ ግራ እጄን እስከ ክንዴ ሳጥኑ ውስጥ ነከርኩ፤ በቀኜ ደግሞ ሶኬቱን ልነቅል ውሃ የተኛበት ወለል ላይ ወዳለው ኤክስቴንሽን ተንጠራራሁ። የኤሌክትሪክን ጠባይም አስተምራለሁ፤ እሱንም ረሳሁት።

«አንተ!»

ቤቱ በአማቴ ድምፅ ጮኸ። «አንተ ልጅ፣ እጅህን ሰብስብ! ልትሞትብኝ ነው?»

ከኋላዬ የሸሚዜን ኮሌታ ጨምድደው ሲጎትቱኝ በቂጤ ተቀመጥኩ። «ቆጣሪውን አጥፊው!» ብለው ወደ ልጃቸው ጮኹ። ባለቤቴ ሮጣ አጠፋችው። ፓምፑ ዝም አለ፤ ሰማያዊው መብራትም ጠፋ።

«ኮራል ላሳይዎት ብዬ ነው፤ እንደ አሰቡ» አልኩ ከወለሉ ላይ ሆኜ።

«ማን ኮራል አምጣልኝ አለህ?» ኮሌታዬን አልለቀቁም። «ይሄ ቤተሰብ አንድ መበለት አይበቃውም?»

ማፈር ነበረብኝ። እኔ ግን ውሃ ውስጥ ተዘፍዝፌ ጥርሴን ገልጬ እስቃለሁ። ባለቤቴ «ምን ያስቅሃል?» ትላለች። እንዴት ብዬ ልንገራት?

ቆይተው ተረጋጉና ነጠላቸውን አስተካክለው ወደ ገበታው ሄዱ። ድንጋጤው ሲያልፍላቸው ወደ ደንባቸው እንደሚመለሱ አልጠራጠርም ነበር። ጀርባቸውን እያየሁ ቆምኩ። የሚቀጥለው ቃል «ይብሉ» ከሆነ ልፋቴ ሁሉ ኮራል ያልበቀለበት ድንጋይ ሆኖ መቅረቱ ነው።

«ምን ይገትርሃል?» አሉ ሳይዞሩ። «ታጠብና ና ብላ።»

እጄን ልታጠብ ገባሁ፤ እንባዬ እንዳያስታውቅብኝ ፊቴንም ታጥቤ ወጣሁ።