የወይዘሮ አገርነሽ ትንሽ ሞተርና የአሥራ ሁለት ቀን ወንፈል

በንጋት አሥራ አንድ ሰዓት መነሣት።
የሞተር ዘይት መለካት።
ከናፍጣው ፊልትሮ ሥር የተጠራቀመውን ውኃ ማፍሰስ።
በወንዛዬ መንገድ ካሉ ዘጠኝ ቤቶች ወተት መቀበል።
ውኃ የገባበት እንዳይኖር እያንዳንዱን ዕቃ መፈተሽ።
ከሁለት ሰዓት በፊት ዓባይ ማዶ መድረስ።
ለአሥራ አራት ሱቆች ማደል።
ዕቃውን በፈላ ውኃ ማጠብ።
ማታ ስለ ነገው መንገድ መጠየቅ።

የወይዘሮ አገርነሽ የዕለት ሥራ ይህ ነው። ዕድሜያቸው ኀምሳ አራት ነው። ሃያ ሁለት ዓመት በባሕር ዳር በአንድ ፋብሪካ የመጋዘን ጸሐፊ ሆነው ሠርተዋል። መንጃ ፈቃድ ያወጡት በአርባ ስምንት ዓመታቸው ሲሆን፣ ሥራቸውን ለቅቀው አንዲት አሮጌ ፒክአፕ የገዙትም በዚያው ዓመት ነው። ዘመድ ሁሉ አብዳለች አለ። እሳቸው ግን ወተት ማመላለስ ጀመሩ።

ዘንድሮ ፋሲካ ባለፈ በሳምንቱ የፒክአፗ የቤንዚን ሞተር ሞተ። ሞተ ማለት ማጋነን አይደለም፤ ፒስተኑ ቀልጦ የሞተሩ ግድግዳ ተሰነጠቀ። ጊዜው ጾም ተፈትቶ ወተት እጅግ የሚፈለግበት ነበር፤ ወተት ደግሞ ነገን አይጠብቅም። የደረሱላቸው አቶ ወልደ ገብርኤል ናቸው። እኒህ ሰው ቀድሞ የረጅም መንገድ የከባድ መኪና ሾፌር ነበሩ፤ አሁን የጣና ውኃ ሲሸሽ በሚለቀው መሬት ላይ ሽንኩርት ያመርታሉ፣ ባለ ሦስት ሺህ ሲሲ ትልቅ ፒክአፕም አላቸው። አሥራ ሁለት ማለዳ ሙሉ ወተቱን አመላለሱ። ወይዘሮ አገርነሽ የኪራይ ገንዘብ ይዘው ሲቀርቡ ግን ተቆጡ።

«ብርሽን አስገቢ! ወንፈል ነው። የእኔ ሽንኩርት ሲደርስ አሥራ ሁለት ምልልስ ትመልሽልኛለሽ።»

ወንፈል ጉልበት በጉልበት የሚመለስበት ሥርዓት ነው፤ በብር መመለስ ስድብ ነው። ወተት የሚያቀርቡት ዘጠኙ ቤቶችም በወንፈል የሚያርሱ፣ በወንፈል የሚያጭዱ ናቸው። «አገርነሽ ወንፈል በላች» የሚል ወሬ አንድ ቀን ከተሰማ፣ ከእነዚያ ቤቶች አንዲት ጣሳ ወተት አይወጣላቸውም። ስለዚህ ወይዘሮ አገርነሽ ሞተር መፈለግ ብቻ ሳይሆን፣ ሽንኩርት የሚጎትት ሞተር መፈለግ ነበረባቸው።

መስዑድ የሚባል የዓባይ ማዶ መካኒክ አንድ ነገር አቀረበላቸው። ከተገጨ የከተማ መኪና የወጣ፣ ባለ አንድ ሺህ አምስት መቶ ሲሲ የናፍጣ ሞተር ነበረው። ሞተሩ መሬት ላይ ተቀምጦ ሳለ አቶ ወልደ ገብርኤል መጡ፤ ዞር ዞር ብለው አዩት።

«መስዑድ፣ ይኸ የልብስ ስፌት መኪና የማን ነው?»

«የእትዬ አገርነሽ ነው» አለ መስዑድ ከመኪናው ሥር ሳይወጣ። «እርስዎም ሱሪዎ ሲቀደድ ይምጡ።»

«እኔ እኮ በትልቅ ሞተር ሠላሳ ዓመት ነድቻለሁ! ጉልበት በትልቅነት ነው።»

«ጋሼ፣ የእርስዎ ሞተር ግማሹን ናፍጣ የሚበላው ራሱን ለመሸከም ነው። ይህች መኪና የምትጭነው ስድስት መቶ ኪሎ ነው። ለስድስት መቶ ኪሎ ዝሆን ይጠመዳል?»

ወይዘሮ አገርነሽ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁ። «አቀበት ይወጣል?»

«ካላስጮኹት ይወጣል» አለ መስዑድ። ሞተሩም በፒክአፗ ላይ ተገጠመ።

እውነቱን በየፈርጁ ማስቀመጥ ይገባል። ትንሽ የናፍጣ ሞተር ለሁሉም ሰው አይሆንም። ከገበያ እስከ ቤት ሁለት ኪሎ ሜትር ብቻ ለሚነዳ ሰው ትርፍ የለውም፤ በወጉ ሳይሞቅ ይጠፋልና ጥቀርሻ ይይዛል። የፓምፓውና የናፍጣ መርጫው የኖዝሉ ጥገናም ከቤንዚን ሞተር ጥገና ይከብዳል፤ ውኃ የገባበት ናፍጣ አንድ ጊዜ ከቀመሰ ደግሞ ይቅርታ አያውቅም። ነገር ግን በየቀኑ ሩቅ ለሚሄድ፣ መጠነኛ ጭነት ለሚጭንና በዝግታ ለሚነዳ ሰው ከዚህ የተሻለ አይገኝም። ቤንዚን ሞተር ጉልበቱን የሚያወጣው በፍጥነት ሲሽከረከር ነው፤ ናፍጣ ግን ገና ቀስ ብሎ ሲዞር ይጎትታል።

ክርክሩን የፈታው ግንቦት ነው። በሃያ ስድስተኛው ቀን ረፋድ ላይ፣ የዕለቱ ወተት ከታደለ በኋላ፣ አቶ ወልደ ገብርኤል ከወይዘሮ አገርነሽ ደጅ ቆሙ። ድምፃቸው እንደ ወትሮው አልነበረም።

«አገርነሽ፣ የመኪናዬ ፍሪሲዮን ተቃጠለ። መቶ ሃያ ጆንያ ሽንኩርት ከሐይቁ ዳር ተከምሯል። ደመናውን አየሽው? ዝናብ ከመታው ይበሰብሳል።»

«መቶ ሃያ ጆንያ ማለት አሥራ ሁለት ምልልስ ነው» አሉ እሳቸው።

«ነው። ግን በዚያ በስፌት መኪናሽ...»

«ወንፈሉ የእኔ፣ መኪናዋ የእኔ! ግባ!»

ከማሳው እስከ ዋናው መንገድ መጋዘን ሰባት ኪሎ ሜትር ነው። በመካከሉ ቀይ አፈር የሆነ አጭር ግን ቀጥ ያለ አቀበት አለ። በዚያ ሰሞን ነዳጅ በሰልፍ ነበር፤ የመኪናዋ የነዳጅ ታንክ ባዶ ሊሆን ምንም አልቀረውም። የነበራቸው ሃያ ሊትር ናፍጣ በአንድ ጀሪካን ብቻ ነው። አሮጌው የቤንዚን ሞተር በሃያ ሊትር ስምንት ምልልስ አይሞላም ነበር።

የመጀመሪያዎቹ ዐሥር ጆንያዎች ተጫኑ። አብሯቸው የመጣው መስዑድም የሞተሩን አሠራር ሊከታተል ከኋላ ከጆንያው ላይ ወጣ። አቀበቱ ሥር ሲደርሱ ወይዘሮ አገርነሽ በቤንዚን ሞተር የለመዱትን አደረጉ፤ ነዳጅ መስጫውን እስከ ወለሉ ረገጡት። ሞተሩ ጮኸ፣ ጥቁር ጭስ ተነሣ፣ ጎማው ባለበት ዞረ፤ መኪናዋ ከአቀበቱ አጋማሽ ቆመች።

«አላልሁም!» አሉ አቶ ወልደ ገብርኤል። «ሽንኩርቴ አለቀ!»

«እትዬ!» ብሎ ጮኸ መስዑድ ከላይ። «ወደ ኋላ ይመለሱ፣ ሁለተኛ ማርሽ ያስገቡ፣ ከዚያ እግርዎን ብቻ ያሳርፉበት። ወተት እንደሚያንቆረቁሩ ያድርጉት!»

ወተት ሲባል ገባቸው። ወደ ኋላ ተንሸራተው ሁለተኛ ማርሽ አስገቡ፤ እግራቸውንም በቀስታ አሳረፉ። ሞተሩ በዝቅተኛ ድምፅ ማጉረምረም ጀመረ። ጎማው አፈሩን ያዘ። መኪናዋ አንድ ጊዜ እንኳ ሳትንገጫገጭ ዐሥር ጆንያ ሽንኩርትና ሦስት ሰው ይዛ እንደ ተጠመደ በሬ አቀበቱን ወጣች! መስዑድ ከላይ ሆኖ አጨበጨበ። አቶ ወልደ ገብርኤል ግን ጆሯቸውን ወደ ሞተሩ አዘነበሉ፤ ሠላሳ ዓመት የነዳ ሰው ያን ድምፅ ያውቃል።

በዚያ ቀን ስድስት ምልልስ ሆነ። በማግስቱ ሰባተኛው፣ ስምንተኛው፣ ዘጠነኛው ተከተለ። ጫኞቹ ራሳቸው በጉጉት ይቆጥሩ ጀመር፤ መኪናዋ በተመለሰች ቁጥር «ስፌቷ መጣች!» እያሉ ይሮጡ ነበር። አሥራ አንደኛው ምልልስ ሲያበቃ ነፋስ ከሐይቁ ተነሣ፤ በዳሩ የበቀለው ደንገልም ተኛ። የመጨረሻዎቹ ዐሥር ጆንያዎች ሲጫኑ የመጀመሪያው ጠብታ ወደቀ፤ ጫኞቹም ጭነቱን በሸራ ሸፈኑት። አቀበቱ ሥር ሲደርሱ ቀዩ አፈር መንሸራተት ጀምሮ ነበር።

«አምስቱን እናውርድ» አሉ አቶ ወልደ ገብርኤል፣ ከወይዘሮ አገርነሽ ጎን ተቀምጠው። «ይቅለላት።»

«አይወርድም። የኋላውን ጎማ መሬት ላይ የሚጫነው ጆንያው ነው። ከቀለለች ትዞራለች።»

«እንግዲያው ርገጪው! ርገጪው እንጂ!»

«ወልዴ፣ ዝም በል! ሞተሩን ልስማው!»

ዝናቡ ጣሪያውን ይቀጠቅጣል። ወይዘሮ አገርነሽ በእግራቸው የነኩትን ነዳጅ አልጨመሩም፣ አልቀነሱም። የኋላው ጎማ አንድ ጊዜ ሸተት አለ፤ ያዘ። ሁለተኛ ሸተት አለ፤ ሞተሩ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሊጠፋ የደረሰ መሰለ፤ አልጠፋም፤ ጎተተ። ከፊት ለፊታቸው ቀይ አፈር ብቻ ይታይ ነበር፤ ከዚያ ሰማይ ታየ፤ ከዚያ የመጋዘኑ ቆርቆሮ።

«ወጣች!» ብለው አቶ ወልደ ገብርኤል የመኪናዋን በር በጥፊ መቱት። «በመድኃኔ ዓለም! ይቺ ትንሽ ወጣች!»

«በሩን አትስበርብኝ፤ አዲስ ቀለም ነው» አሉ ወይዘሮ አገርነሽ።

መስዑድ መጋዘኑ ደጅ ይጠብቃቸው ነበር። ከጀሪካኑ የተረፈች ናፍጣ ካለች ብሎ ቀና አድርጎ ነቀነቀው፤ ጥቂት ተንቦጫረቀች። አቶ ወልደ ገብርኤል ጀሪካኑን ተቀብለው ራሳቸው ነቀነቁት፤ በጆሯቸውም አዳመጡ።

«መስዑድ» አሉ በመጨረሻ፣ «የእኔ ፍሪሲዮን መቼ ይደርሳል?»

«በሳምንት።»

«አትቸኩል። እንዲህ ያለ ሌላ ሞተር የት እንደሚገኝ ግን ጠይቅልኝ።»

ጫኞቹ የመጨረሻዎቹን ዐሥር ጆንያዎች ከቆርቆሮው ሥር አስገቡ፤ አንዱም አልረጠበም። አቶ ወልደ ገብርኤል ጫኞቹ ሁሉ እንዲሰሙ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ተናገሩ፦ «ግንቦት ሃያ ሰባት ቀን፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ የአሥራ ሁለት ቀን ወንፈል በአሥራ ሁለት ምልልስ ሙሉ በሙሉ ተከፈለ።»