ሕመም በታይላንድ ቁጥር

ትናንት፣ እሑድ፣ አሶሳ ከሰዓት በኋላ ዝናብ ነበር። ቤት ውስጥ የነበርነው እኔና ታላቅ እህቴ ዘሀራ ብቻ ነን።

«ከአንድ እስከ አስር ስንት ያምሻል?» አልኳት። ግንባሯ በላብ እንደራሰ «ኑንግ» አለችኝ። በታይላንድ ቋንቋ አንድ ማለት ነው።

ለወገቧ ሕክምና ወደ ባንኮክ ልንሄድ ነው። እዚያ ሐኪሞች የሕመምን መጠን በቁጥር ይጠይቃሉ አሉ፤ አስር የከፋው ነው። አስተርጓሚ ባናገኝስ ብዬ ከስልኬ ቪዲዮ እየሰማሁ ቁጥሮቹን በፓስታ ካርቶን ላይ በእኛ ፊደል ጻፍኳቸው፤ ኑንግ፣ ሶንግ፣ ሳም እያልኩ። መቼም የእኔ ደብተር ካርቶን ነው።

«ዘሀራ፣ ውሸትሽን ነው!»

«አልሐምዱሊላህ ነው የሚባለው። ሰው አገር ሄጄ ላማርር እንዴ?»

«አንድ ካልሽውማ ሐኪሙ አይዞሽ ብሎ ይመልስሻል። ያን ሁሉ መንገድ ሄደን!»

«ቁጥር ለገበያ ነው፣ አንቺ ደግሞ!»

ልፈርድባት አልቻልኩም። እኔም ብጠየቅ «ደህና ነኝ» ነው የምለው፤ ያደግነው እንዲህ ነው።

ዛሬ ጠዋት ግን የንጋቱን ሶላት፣ ሱብሂን፣ ተቀምጣ ስትሰግድ አየኋት። ስንት ያምሻል ብዬ አልጠየቅኳትም። ካርቶኑ ላይ ከሰባት ቁጥር አጠገብ «ጄት፦ ቆማ መስገድ አልቻለችም» ብዬ ጻፍኩና ሰጠኋት።

ካርቶኑን አነበበችው። ከዚያ «እንግዲያው ሐኪሙን አንቺ ንገሪው» አለችኝ።

ካርቶኑን ፓስፖርቶቻችን መሃል አስገባሁት።

እናንተስ፣ ቤታችሁ «ደህና ነኝ» እያለ የሚታመም ሰው ካለ፣ እውነቱን በምን ታውቃላችሁ?