የሲቲ ሰላህ ወፎችና የእትዬ ሸዋነሽ እልልታ

ማስታወቂያው የሙንተሰር የእጅ ጽሑፍ ነው። የመን ውስጥ፣ በኤደን ከተማ ቃሉዓ በሚባለው ሰፈር ከዳቦ መጋገሪያው ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ነበር፤ ከላይ በዐረብኛ፣ ከታች በአማርኛ። ዐረብኛው ቅዳሜ ጧት ለሴቶች የተዘጋጀ የአንድ ቀን የተፈጥሮ ጉብኝት መኖሩን፣ አስጎብኚ አብሮ እንደሚሄድና መነሻው ከመስጊዱ ፊት ለፊት መሆኑን በዝርዝር ያስረዳል። አማርኛው አጭር ነው፦ «የአሞራ ጉብኝት። ለሴቶች ብቻ። ምሳ አለ።»

ሙንተሰር መዓላ በሚባለው ጎረቤት ሰፈር አነስተኛ የጉዞ ቢሮ አለው። አባቱ የመናዊ፣ እናቱ የደሴ ሰው ነበሩ፤ አማርኛውን የተማረው ከእናቱ ጓዳ ነው። እናቱ መስኮት ላይ ያረፈውን ሁሉ «ይህ አሞራ!» እያሉ ያባርሩ ስለነበር ለእሱ ወፍ ማለት አሞራ ነው። ቃሉዓ ግን የወደብ ሰፈር ነው። ዓሣ በሚጠረግበት ቦታ ሁሉ አሞራ ያንዣብባል፣ ጣሪያ ላይ ይሰለፋል፣ ከሰው እጅ ይነጥቃል። የሰፈሩ ኢትዮጵያውያን ሴቶች ማስታወቂያውን አንብበው ሳቁ እንጂ ለመሄድ ስሟን የሰጠች አልነበረችም።

ሲቲ ሰላህ ሳቁን የሰማችው እትዬ ሸዋነሽ ደጃፍ ላይ ነው።

«አንቺ ሲቲ! አሞራ ለማየት አውቶቡስ መሳፈር ተጀመረ እንዴ? ነይ ጣሪያዬ ላይ ላሳይሽ። ምሳም አለ፤ የትናንቱን የዓሣ ራስ ጥዬላቸዋለሁ።»

«እትዬ ሸዋነሽ፣ አሞራ አይደለም። ሙንተሰር ተሳስቶ ነው።»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

ሲቲ ስሙን በልቧ ፈለገች። ዐረብኛው ኑሓም ይለዋል። ብዙው የኤደን ሰው በስሕተት በጀዕ ብሎ ይጠራዋል። የወፍ መጽሐፍ ፍላሚንጎ ይለዋል። በእናቷ አማርኛ ግን ስሙን አታውቀውም።

«እግሩ ረጅም ነው፣ አንገቱም ረጅም ነው። ሮዝ ነው። ሲራመድ ቀስ ብሎ…»

«ሮዝ አሞራ!» አሉ እትዬ ሸዋነሽ ወደ ጎረቤታቸው ዞረው፤ ሁለቱም ወገባቸውን ይዘው ሳቁ።

ሲቲ አልሳቀችም። የዚያ ቅዳሜ ጉዞ የሷ ነበር።

የተወለደችው እዚያው ቃሉዓ ነው። አባቷ በወደቡ የመርከብ ገመድ የሚያስሩ የመናዊ ነበሩ፤ እናቷ ከኮምቦልቻ የመጡ። ባሏ ከሞተ በኋላ በሙንተሰር ቢሮ ምግብ አብሳይ ሆና ተቀጠረች። አውቶቡሱ ጎብኚዎችን ጭኖ ወፎቹ ወደሚውሉበት ረግረግ ሲሄድ እሷ ከኋላ ወንበር ላይ የሩዙን ድስት በእግሯ ደግፋ ትቀመጣለች። አስጎብኚው ጣሪቅ የሚባል ሽማግሌ ነበር። ሰዎቹ ምሳ ሲበሉ ጣሪቅ አቅራቢ መነጽሩን፣ እነሱ ደርቢል የሚሉትን፣ ለሲቲ እየሰጠ «ምን አየሽ?» ይላታል። መልሱን አይነግራትም። ስትሳሳት «እንደገና እዪ» ብቻ ነው የሚላት። ጦርነቱ ሲመጣ ጉዞው ተቋረጠ፤ ሲቲ ሳምቡሳ እየጠበሰች ልጆቿን አሳደገች። ቢሮው እንደገና ሲከፈት ጎብኚዎቹ የከተማው ሰዎች ራሳቸው ሆኑ፦ ተማሪዎች፣ ቤተሰቦች፣ የሴቶች ማኅበራት። ጣሪቅም ልጁን ተከትሎ ወደ ሐድረመውት ሲሄድ ደርቢሉን ለሲቲ ትቶላት ሄደ።

ሙንተሰር አዲስ አስጎብኚ መፈለግ ጀመረ። ሲቲ ቢሮው ገብታ ቆመች።

«እኔ አለሁ።»

«አንቺ የምግቡ ነሽ።»

«የምግቡም ነኝ።»

ሙንተሰር ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቃታል፤ በአንድ ሰፈር ነው ያደጉት። ራሱን አከከና ወሰነ። «አንድ ቅዳሜ እሰጥሻለሁ። የሴቶች ጉዞ። አብሬ እመጣለሁ። ወፎቹን አይተው ደስ ብሏቸው ከተመለሱ ቅዳሜ ያንቺ ነው። ካላዩ ግን፣ ወላሂ፣ ሌላ ሰው እቀጥራለሁ፤ አንቺም ወደ ድስትሽ።»

ስለዚህ ሲቲ ያን ሳምንት በር ለበር ዞረች። አሞራ አይደለም እያለች አስረዳች፤ እየተሳቀባት አስረዳች። በመጨረሻ አውቶቡሱን የሞላው የወፍ ፍላጎት ሳይሆን እትዬ ሸዋነሽ ናቸው። «ልጅቱ ካፈረች እፍረቱ የእኛም ነው» አሉና ሻሻቸውን አሰሩ። እትዬ ሸዋነሽ እንሄዳለን ካሉ በቃሉዓ የሚቀር የለም። በሰፈሩ ሠርግ ሁሉ እልልታውን የሚጀምሩት እሳቸው ናቸው፤ እልልታቸው ከወደቡ የመርከብ ጥሩምባ ጋር ይፎካከራል ይባላል።

ቅዳሜ ጧት ሴቶቹ ጥቁር ዐባያቸውን ለብሰው፣ የሻይ ቴርሞስና የልጅ ልጅ ይዘው ተሳፈሩ። ሹፌሩ ኸይሩ ዘፈን ከፈተ፤ አውቶቡሱ መዓላን ሳያልፍ ጭብጨባው ደመቀ። ሙንተሰር ከፊት ወንበር ተቀምጦ ጆሮውን በጣቱ ደፈነ።

«ያ ሲቲ፣ ይህ ጉብኝት ነው ወይስ ሠርግ?» አለ።

«ቆይ፣ ገና ነው» አለች ሲቲ።

ባሕሩን አቋርጦ የሚያልፈው መንገድ ላይ ሲደርሱ ኸይሩ ዳር ይዞ አቆመ። የባሕሩ ውሃ ጎድሎ ጭቃው ተገልጧል። ሲቲ ሴቶቹን አስወርዳ ከመንገዱ ጠርዝ ላይ አሰለፈቻቸውና በእጇ አመለከተች። ጭቃው ላይ፣ ድንጋይ ቢወረወር ሊደርስ በሚችልበት ርቀት፣ ረጃጅም እግሮች ቆመው ነበር። አንገታቸውን ወደ ውሃው ቀልብሰው ይለቅማሉ። የጧት ፀሐይ ስለመታቸው ሮዝነታቸው ፈዘዝ ብሎ ወደ ነጭ ያደላል።

እትዬ ሸዋነሽ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። «ሱብሓነላህ» አሉ። እጃቸውን ከአፋቸው አነሡና፣ በሠርግ ቤት እንደለመዱት፣ ቆንጆ ነገር ሲያዩ እንደሚያደርጉት፣ እልልታውን ለቀቁት።

ሌሎቹም ተቀበሏቸው።

ወፎቹ ባንድ ጊዜ አንገታቸውን አቀኑ፣ ጥቂት ሮጡ፣ ተነሡ። ክንፋቸው ሲከፈት ያየ አልነበረም፤ ሁሉም ዓይኑን ጨፍኖ እልል እያለ ነበር። ሴቶቹ ዓይናቸውን ሲገልጡ ጭቃው ባዶ ሆኗል፤ መንጋው ከባሕሩ ማዶ ቀጭን መስመር ሆኖ ይታያል።

«የት ሄዱ?» አሉ እትዬ ሸዋነሽ።

ሙንተሰር ሲቲን ገለል አደረጋት።

«ኸላስ። አለቀ። ወደ ባሕር ዳርቻ እንውሰዳቸው፤ እግራቸውን ይንከሩ፣ ምሳ ይብሉ፣ በሰላም ይመለሱ። ቢያንስ አይከፋቸውም።»

«ስለ እኔስ?»

«ስለ አንቺ… ምን ልበልሽ። ወፎቹን በወጉ ካላዩ ካላዩ ነው።»

ሲቲ ወደ ባሕሩ ዞረች። ውሃው በድንጋዮቹ መካከል እየተመለሰ መሆኑን አየች፤ መሙላት ጀምሯል። ጣሪቅ አንድ ጊዜ ምሳ ላይ ያላትን አስታወሰች፦ እነዚህ ወፎች ባሕሩ ሲሞላ ማዶ አይቆዩም፤ እግራቸው የሚደርስበትን ጥልቀት ፍለጋ ወደ ውስጠኛው ረግረግ ይገባሉ። የሚያስፈልገው ቀድሞ መድረስና ዝም ብሎ መጠበቅ ነው። መድረሱን ኸይሩ ይችላል። ችግሩ ዝምታው ነበር።

«ጉዞው የኔ ነው ብለኸኛል» አለችው። «ገና አላለቀም። ኸይሩ፣ ወደ ሒስዋ ንዳ።»

ሙንተሰር እጁን ወደ ሰማይ ዘርግቶ ወደ ወንበሩ ተመለሰ።

ሒስዋ የዘንባባና የሸንበቆ ረግረግ ነው። ከከተማው የሚወርደው ፍሳሽ ተጣርቶ እዚያ ይተኛል፤ ግመሎች ዳር ዳሩን ይግጣሉ። ሴቶቹ ሲወርዱ አፍንጫቸውን በሻሻቸው ሸፈኑ።

«ይህ ውሃ ከየት ነው የሚመጣው?» አለች አንዷ።

«ከቤታችን» አለች ሲቲ። «ያፈሰስነው ተጣርቶ ነው።»

«ማሻአላህ፤ እኛ የደፋነውን ነው ለካ የሚጠጡት!»

«ታዲያ ሮዝ የሆኑት በምን መሰለሽ? በሸዋነሽ የቲማቲም ወጥ ነው» አለች ሌላዋ። እትዬ ሸዋነሽ ግን አልሳቁም። ጧት ወፎቹን ማባረራቸው ከንክኗቸዋል። ሲቲ አጠገባቸው ቁጢጥ አለች።

«እትዬ ሸዋነሽ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ሙሽራዋ ወደ ሴቶቹ አዳራሽ ስትገባ ፊቷ ተሸፍኖ ነው አይደል?»

«ነው እንጂ።»

«ሽፋኑ ሳይነሣ እልል የምትል አለች?»

«ማን አባቷ! ነውር ነው። ሙሽራ ታስደነግጫለሽ እንዴ? ሽፋኑ ሲነሣ ነው እንጂ።» አሉና ቆም ብለው ወደ ሲቲ አዩ። ፊታቸው ቀስ ብሎ ተፈታ። «አሃ።»

«የወፎቹ ሽፋን የሚነሣው ክንፋቸውን ሲከፍቱ ነው። እኔ እጄን አነሣለሁ። እስከዚያ ግን እርስዎ ነዎት ኃላፊዋ።»

ከዚያ በኋላ ሲቲ ዝም በሉ ማለት አላስፈለጋትም። እትዬ ሸዋነሽ ሴቶቹን ከዘንባባው ጥላ ሥር በሁለት ረድፍ አስቀመጡ። ያወራችን በዓይናቸው ገረፉ። ያሳለችን አፏን በሻሽ አስያዙ። የአንዲቱ ስልክ ሲጮኽ ነጥቀው እግራቸው ሥር ከተው ተቀመጡበት፤ ስልኩ ከታች ሲንቀጠቀጥ ሴቶቹን ሳቅ ተናነቃቸው፤ ግን ድምፅ አልወጣም። ሙንተሰር ከኋላ ቆሞ ነበር። ሲጋራ ሊለኩስ ክብሪት ሲያወጣ እትዬ ሸዋነሽ ዞረው ጣታቸውን አወዛወዙበት፤ ክብሪቱን መልሶ ኪሱ ከተተ።

ባሕሩ ሲሞላ የረግረጉም ውሃ ከፍ እያለ መጣ። በመጀመሪያ የመጡት ሁለት ብቻ ነበሩ፤ ከሸንበቆው በላይ ዝቅ ብለው በረው ውሃው ውስጥ ቆሙ። ከዚያ በኋላ በቡድን በቡድን ገቡ፤ በመጨረሻ ውሃው የሚሰፋበት ቦታ በሙሉ ተሞላ። ወደ ዘንባባው እየቀረቡ መጡ። ሴቶቹ የወፎቹን የእግር መታጠፊያ፣ ውሃ የሚያንጠባጥበውን የምንቃራቸውን ጥቁር ጫፍ አዩ። ወፎቹ ሁሉም ባንድ አቅጣጫ፣ ባንድ እርምጃ፣ አንገታቸውን እያወዛወዙ ተራመዱ፤ ቆሙ፤ ዞሩ።

እትዬ ሸዋነሽ እንባቸው ወርዶ አገጫቸው ላይ ቆሟል፤ አልጠረጉትም። እጃቸው አፋቸው ላይ ነበር።

ሲቲ በደርቢሉ ሰማዩን ትቃኛለች። ዓሣ የሚያድን አንድ ንስር ከባሕሩ በኩል ሲመጣ አየችው። ደርቢሉን አወረደች። የንስሩ ጥላ ውሃው ላይ ሲያልፍ መንጋው አንገቱን አቀና፤ ሮጠ፤ ተነሣ። ክንፎቹ ተከፈቱ። ከሥራቸው ተደብቆ የኖረው ቀይ፣ በጥቁር ተከፍፎ፣ ከዘንባባው በላይ ሰማዩን ሞላው።

ሲቲ እጇን አነሣች።

እትዬ ሸዋነሽ ከጧቱ ጥፋት ወዲህ ይዘውት የነበረውን እልልታ ለቀቁት። ሴቶቹ ሁሉ ተነሡ፤ ዐባያቸው እየተራገበ እልል አሉ። ግመሎቹ ራሳቸውን ቀና አደረጉ። ከሩቅ አትክልት የሚያጠጣ ገበሬ ሙሽራ የመጣች መስሎት ከማሳው ወጥቶ አየ። ወፎቹ ከረግረጉ በላይ ዞረው፣ ንስሩ ሲሄድ፣ ከዚያው ውሃ ላይ ተመልሰው አረፉ። እልልታውን የፈሩት አይመስሉም ነበር።

እትዬ ሸዋነሽ የሲቲን ግንባር ሳሙ። «ልጄ፣ አንቺ ሴት» አሉ፤ ሌላ ቃል አልጨመሩም።

ሙንተሰር ያልለኮሰውን ሲጋራ በእጁ እንደያዘ ቆሞ ቀርቷል። «ጣሪቅ እያለ እንኳ» አለና አቋረጠ። «ይህን ያህል ቀርበው አላየሁም።»

ምሳ በልተው ሲመለሱ አውቶቡሱ ውስጥ ጭብጨባው እንደገና ተነሣ፤ በዚህ ጊዜ ግን ሙንተሰር ጆሮውን አልደፈነም። ከኪሱ እስክሪብቶ አወጣና ወደ ኋላ ዞረ።

«ለሚቀጥለው ቅዳሜ ማስታወቂያ ልጻፍ። በአማርኛ ወፉን ምን ልበለው?»

«አሞራ እንዳትል ብቻ!» ሴቶቹ ጮኹበት።

«እሺ ምን?»

«ሙሽሪት በለው» አሉ እትዬ ሸዋነሽ። «ሌላ ስም ምን ያደርግለታል?»

ሙንተሰር ጻፈ፦ «የሙሽሪት ጉብኝት።» ከሥሩ «አስጎብኚ፦» ብሎ ጻፈና ወረቀቱን ከነእስክሪብቶው ለሲቲ አቀበላት። ሲቲ ስሟን ሳትቸኩል፣ ፊደሉን አጥርታ ጻፈች። መልሳ ስትሰጠው ከታች ያለውን ባዶ ቦታ በጣቱ ነካ።

«ምሳውንስ? ማን ይሠራዋል?»

«እሱ ያንተ ሐሳብ ነው» አለች ሲቲ።

ቃሉዓ ሲደርሱ ሴቶቹ እየዘፈኑ ወረዱ። ሲቲ ደርቢሉን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች በመካከላቸው ወረደች። ኸይሩ የኋላውን በር ከፈተ፤ ትልቁ የሩዝ ድስት እዚያው ነበር። ሙንተሰር ግራ ቀኝ አየ፤ እጅጌውን ሰበሰበና ድስቱን ራሱ አነሣው።