ታንጉትና የቃሬዛው ጥያቄ

ዛሬ ጠዋት ስልክ ተደውሎ ታንጉት አረፈች ሲሉኝ፣ ሌላ ታንጉት ናት ብዬ ዘጋሁት። ከዚያ መልሼ ደወልኩ። ሌሎች ሁለት ሰዎችም ጠየቅሁ። ሦስቱም የነገሩኝ አንድ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ልጆችን «አንዴ ለክታችሁ አትመኑ» እያልኩ አስተምሬአለሁ። ዛሬ ደጋግሜ የጠየቅሁት ግን ስህተት ሆኖ እንዲገኝልኝ ነበር።

ለማታውቋት፣ ታንጉት እዚህ ሰቆጣ የፊዚክስ መምህርት ነበረች። ከዚያ በፊት የእኔ ተማሪ ነበረች። ከጋዝጊብላ መጥታ፣ ከተማ ቤት ተከራይታ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ስንቋን ለማምጣት በእግሯ እየተመላለሰች ነው የተማረችው። ለሕክምና ደሴ ሄዳ ነበር። ትመለሳለች ብለን ነበር።

ብዙዎቻችሁ እሷ ያስተማረቻችሁ ስለሆናችሁ አባባሏን ታስታውሳላችሁ። ኃይልን በቀስት ስትስሉ መጥታ ከኋላ ትቆማለች። አንዱ ወደ ላይ የተወረወረ ድንጋይ ይስልና፣ ድንጋዩ አየር ላይ እያለ ወደ ላይ የሚያመለክት ቀስት ይጨምርበታል።

«ይሄ ቀስት የማን ነው?»

«የወርዋሪው ነው ቲቸር።»

«ወርዋሪው እኮ እጁን ኪሱ ከትቶ ቆሟል። ባለቤት የሌለው ቀስት አጥፋልኝ።»

ክፍሉ ይስቃል፤ ልጁም ያጠፋል።

እኔ ግን ዛሬ የምጽፈው ስለ ሌላ ነገር ነው። ልነግራት የሚገባኝ ነገር ነበር፤ አልነገርኳትም።

ለዚህ አገር እንግዳ ነበርኩ። ከጎጃም ተመድቤ ነው የመጣሁት። ታንጉት ዘጠነኛ ክፍል ሳለች ለፈተና አንድ ጥያቄ አወጣሁ። አራት ሰዎች በሽተኛ በቃሬዛ ተሸክመው ዳገት ይወጣሉ፤ በሽተኛው መሐል ላይ ነው የተኛው፤ ክብደቱ ከላይና ከታች ላሉት እንዴት ይከፋፈላል? የእኔ መልስ እኩል የሚል ነበር። ታንጉት «ከታች ላሉት ይከብዳል» ብላ ጻፈች። ኤክስ አደረግኩባት።

ወረቀቱን ይዛ ቢሮ መጣች።

«ቲቸር፣ ቃሬዛ ተሸክመው ያውቃሉ?»

«አላውቅም። ሕጉን ግን አውቃለሁ።»

«እሺ፣ ዳገት ሲደርሱ ጉልበተኞቹ ለምን ወደ ታችኛው ጫፍ ይዞራሉ?»

«ልማድ ነው።»

«ልማዱስ ከየት መጣ?»

ድፍረት አልነበረባትም፤ ከልቧ ነው የጠየቀችኝ። እኔ ግን «ሒሳቡን ሠርተሽ አምጪ» ብዬ ሸኘኋት። በዘጠነኛ ክፍል ዕውቀት ያንን ሒሳብ መሥራት እንደማትችል አውቅ ነበር።

ያ ዓመት ሳያልቅ የቤት አከራዬ አባት መኪና በማይገባበት ገጠር ታመሙ። በቃሬዛ ሲያመጧቸው ለሸክሙ ተራ ልገባ አብሬ ሄድኩ። ዳገቱ ሥር ስንደርስ አንድ ገበሬ፣

«መምህር፣ እርስዎ ወደ ላይኛው ይለፉ። ታችኛውን አይችሉትም» አለኝ።

«መሐል ላይ እኮ ነው የተኙት፤ እኩል ነው» አልኩ።

«እንግዲያው ይሞክሩታ» ብሎ ቦታውን ለቀቀልኝ።

ሃያ እርምጃ እንኳ ሳልሄድ ጉልበቴ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ከላይ ያለው ዞር ሳይል «እኩል ነው መምህር?» ሲለኝ፣ በሽተኛው ሳይቀሩ ሳቁብኝ።

ቤቴ ገብቼ ሥዕሉን እንደገና ሠራሁት። በሽተኛውን ልክ በእንጨቶቹ መስመር ላይ ያለ ነጥብ አድርጌ ነበር የሳልኩት። ሰው ግን ፍራሽ ተነጥፎለት ከእንጨቶቹ ከፍ ብሎ ነው የሚተኛው። ቃሬዛው ሲያዘነብል ክብደቱ የሚያርፍበት መስመር ወደ ታችኞቹ ይጠጋል፤ የእነሱ ድርሻ ይበልጣል። ልዩነቱ ወረቀት ላይ ጥቂት ነው። ትከሻ ላይ ግን ጥቂት አይደለም።

በማግስቱ ልነግራት ነበር። ከዚያ፣ ፈተናው ካለፈ ቆይቷል አልኩ። ከዚያ ደግሞ ክፍል አለፈች። ጥያቄውን ዳግመኛ አላወጣሁትም፤ ያደረግኩት ይህን ብቻ ነው።

ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ እኛው ትምህርት ቤት ተመደበች። አንድ ቀን በክፍሏ መስኮት በኩል ሳልፍ፣ ሁለት ተማሪዎችን ጣውላ በመዳፋቸው አስይዛ፣ ጣውላው ላይ ጡብ ደራርባ አሳስራ፣ አንደኛውን ወንበር ላይ አቁማዋለች። «ማን ላይ ከበደ?» ስትል ታች የቆመው «እኔ ላይ» አለ። አንዲት ልጅ እጇን አውጥታ፣ «ቲቸር፣ ይሄ መጽሐፉ ላይ የለም፤ ከየት አመጡት?» ብላ ጠየቀቻት።

«የእኔ መምህር ሒሳቡን ሠርተሽ አምጪ ብለውኝ ነበር። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ነው የጨረስኩት። እሳቸው ናቸው ያስተማሩኝ።»

ቆሜ ሰማሁ። በሩ ክፍት ነበር። አልገባሁም። ጡረታ እስክወጣ ድረስ ከእሷ ጋር በአንድ ግቢ ስውልም ስለዚያ ነገር አንድ ቃል አልተነፈስኩም።

ከሁለት ሳምንት በፊት ገበያ መንገድ ላይ አገኘችኝ። ከስታ ነበር። «ደሴ ደርሼ ስመለስ ቤትዎ እመጣለሁ፣ ጋሼ» አለችኝ። ስትመጣ እነግራታለሁ ብዬ ወሰንኩ። ተቀምጦ እንጂ መንገድ ላይ የሚነገር አይደለም ብዬ ነው። ሁለት ደቂቃ ይበቃው ነበር።

ታንጉት ልጄ፣

ያንን ነገር እኔ አላስተማርኩሽም። እኔ ተሳስቼ ነበር፤ አንቺ ልክ ነበርሽ፤ ይህንንም ያወቅሁት ያው ዓመት ሳያልቅ ነው። ሒሳብ ሥሪ ያልኩሽ ዝም እንድትዪ ብዬ ነበር። አንቺ በደግ ተርጉመሽ፣ ስሜን በተማሪዎችሽ ፊት አከበርሽው። እኔ ደግሞ የማይገባኝን ክብር ዝም ብዬ ተቀበልኩ።

አሁን ያስተማርሻቸው ሁሉ በሚያነቡበት ቦታ ጽፌዋለሁ። አንቺ ግን አታነቢውም።

ነገ አስከሬንሽ ሲመጣ ከሚቀበሉሽ ሰዎች መሐል ነኝ። ይቅርታዬን እዚያ እነግርሻለሁ፤ ብትመልሽልኝም ባትመልሽልኝም።

በሰላም ግቢ፣ ልጄ።