ጉርሻ የተከለከለበት ሰሞን

ኩሽናዬ መሳቢያ ውስጥ ጫፏ የተጣመመ አንዲት የሻይ ማንኪያ አለች። ልጆቼ ስንቴ ሊጥሏት ሞከሩ፤ እኔ ግን ሞቼ እገኛለሁ። እሷን ባየሁ ቁጥር ሰይድ ትዝ ይለኛል።

በደርግ ጊዜ፣ ያ ክፉ ድርቅ ወሎን በመታበት ዓመት፣ ቦሌ ከአውሮፕላን ማረፊያው ጀርባ ነበር የምንኖረው። እርዳታ የጫኑ አውሮፕላኖች ቆርቆሯችንን እያንቀጠቀጡ ሲወርዱ እኛ ልጆች ብያችንን ትተን ሽቅብ እናያለን። ይሄ ሁሉ እህል እየመጣ ሰው እንዴት ይራባል እያልኩ እማዬን አደርቃት ነበር። መልሱን እስከዛሬ አላገኘሁትም፤ አሁንማ መጠየቁም ሰልችቶኛል።

አንድ ቀን እማዬ ከቀበሌ ሱቅ ስትመለስ ከድጃ የምትባል የወሎ ሴት ከነልጇ ይዛ መጣች። ከድጃ ባሏንና ሴት ልጆቿን መንገድ ላይ ቀብራ የቀራት ሰይድ ብቻ ነበር። እኩያሽ ነው ሲሉኝ አላመንኩም፤ ሲያዩት ገና ድክድክ የሚል ሕፃን ነው የሚመስለው። እማዬ ሰርቪስ ቤቷን ለቀቀችላቸው።

የሰፈራችን ሴቶች መቼም አንጀታቸው አይችልም። ወሬው እንደተሰማ አንዷ ምስር፣ አንዷ ሽሮ፣ ጎረቤታችን እትዬ አስካለ ደግሞ ለበዓል የደበቀችው ድልህ የገባበት ድንች ወጥ ይዘው ከተፍ አሉ። በየተራ አጎረሱት። ፊቱን ሲያዞር "አፈር ስሆን" እያሉ ለመኑት። እኛ ዘንድ ፍቅር በጉርሻ ነው፤ ጉርሻ መመለስ ደግሞ ነውር። ሰይድ የዋጠውን ሁሉ አስመለሰው፤ ተቅማጥም ያዘው፤ በማግስቱ ዓይኑን መግለጥ አቃተው።

ጤና ጣቢያ ሲወስዱት፣ ሐኪሞቹ በርበሬ የሚባል እንዳይቀምስ፣ ቀጭን አጥሚት በማንኪያ ጠብ ጠብ እንዲደረግለት አዘዙ። ራሱ ምግብ የጠየቀ ቀን ተረፈ ማለት ነው፣ እስከዚያ ምንም ማለት አንችልም ብለው ሸኟቸው።

ከዚያ ወዲያ እማዬ በር ላይ ቆማ ሳህን ትመልስ ጀመር። እትዬ አስካለ ክፉኛ ተቀየመች።

"ለተራበ ልጅ ጉርሻ ሲከለከል ዛሬ ገና አየሁ" አለቻት።

"አስኩዬ፣ ከወደድሽው እጅሽን ሰብስቢልኝ" አለች እማዬ፣ ድምጿ ሰልሎ። "ይልቅ ነይ፣ ማንኪያውን ተቀበይኝ።"

ተቀበለቻት። ሌሎቹም ተራ ገቡ። አንዷ ወተት ታመጣለች፣ አንዷ አጃ ትፈጫለች፣ አንዷ ቁጭ ብላ ታጠጣዋለች፤ ግማሹ በአገጩ ይፈሳል፣ ይጠረጋል፣ እንደገና ይጀመራል። እማዬ ማንኪያውን እንደያዘች እንቅልፍ ይጥላታል። የተራበ ሰው መርዳት እንዲህ አሰልቺ መሆኑን ማንም አልነገረኝም ነበር።

አንድ ጠዋት በእትዬ አስካለ ተራ ሰይድ ማንኪያዋን በጥርሱ ነክሶ አልለቅም አለ። ብትጎትታት ጫፏ ተጣመመ። ከዚያ ቀና ብሎ አያትና "ራበኝ" አለ። እትዬ አስካለ እልልታዋን አቀለጠችው። ከድጃ መሬት ሳመች፤ እማዬ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች።

ባለፈው ሳምንት ሃያ ሁለት ሰፈር የትራፊክ መብራት ላይ አንድ ሕፃን የመኪናዬን መስታወት አንኳኩቶ "ራበኝ" አለኝ። ያኔ በግቢያችን እልል የተባለበት ቃል። የያዝኩትን ዳቦ ሰጠሁት። አንድን ልጅ ለማትረፍ ስንት ሴት ስንት ቀን ቁጭ እንደምትል አውቃለሁ፤ ማወቄ ነው መሰለኝ የሚያደክመኝ። አረንጓዴው መብራት በራ፣ ከኋላዬ ያለው ታክሲ ጥሩንባውን አስጮኸው፣ ነዳሁ። ስሙን እንኳ አልጠየቅኩትም።