ናፍጣ ናፍጣ የሚል ዳቦ

አማቴን፣ የባሌን አባት፣ አከብራቸዋለሁ። ሲገቡ ብድግ እላለሁ፣ ሲናገሩ አላቋርጥም፣ አንቱታውን አንድም ቀን አጉድዬባቸው አላውቅም። እጃቸውን ግን እጸየፈዋለሁ። ናፍጣው በየጣታቸው ስንጥቅ ገብቶ ጥቁር ሆኖ ቀርቷል። በዚያው እጅ የውኃውን ጆግ ያነሣሉ፣ በዚያው እጅ የልጄን ጉንጭ ይቆነጥጣሉ። ልጄን ከጉልበታቸው ላይ ባወረድኩ ቁጥር ምንም እንዳላደረግሁ መስዬ ወደ ጓሮ ወስጄ ደግሜ አጥባታለሁ።

ዕድሜያቸውን ሙሉ የጭነት መኪና ሲነዱ የኖሩ ሰው ናቸው። ከዱቄት ፋብሪካ እየጫኑ ለዳቦ ቤቶች ያደርሳሉ፤ ባሌ ከኋላ ሆኖ ጆንያ ያወርዳል። መኪናዋ ቆመች ማለት ጓዳችን ባዶ ሆነ ማለት ነው። ስለዚህ ብጠላትም ክፉ አልመኝላትም።

መኪና ማቆሚያው ውስጥ ያሉ ሾፌሮች «አንዴ ልጨምር» ይሏቸዋል። ስሙ በከንቱ አልወጣላቸውም። የሚዞር ነገር ሁሉ እጃቸው ከገባ ሳይጠብቅ አይወጣም፤ ከጠበቀ በኋላ ደግሞ «አንዴ ልጨምርለት» ብለው ትንፋሻቸውን ይዘው ይደግሙታል። የግቢያችን ቧንቧ ሌት ተቀን የሚያንጠባጥበው የውስጥ ጎማውን አድቅቀውት ነው። የማርማላታ ብልቃጥ እሳቸው ከዘጉት ክዳኑን ለማስከፈት ጎረቤት እንጠራለን። ልቅ ነገር አይወዱም፤ ያልተያዘ ነገር ሁሉ የሚያመልጣቸው ይመስላቸዋል።

የመኪናዋ የናፍጣ ቱቦ ከማጣሪያው ጋር በሚገናኝበት ቦታ ማላብ ጀመረ። መጀመሪያ ላብ ብቻ ነበር፣ በጨርቅ የሚጠረግ። አማቴ ያንን ክንድ የሚያህል መፍቻቸውን ይዘው ከሥሯ ገቡና ቱቦውን የሚያስረውን ዳዶ አጠበቁት። ላቡ ጠብታ ሆነ። እንደገና አጠበቁት፤ ጠብታው ተከታተለ። ያን ጊዜ ሌላ ሰው ቢሆን ጠጋኝ ዘንድ ይሄዳል። እሳቸው ግን ከመኪናዋ ሥር ወጥተው የልብስ ሳሙናዬን አነሡና በጥርሳቸው ገመጥ አደረጉት። አኝከው ካለሰለሱት በኋላ ስንጥቁ ላይ ለጠፉት፣ በላዩ የጎማ ቁራጭ ጠመጠሙበት፣ በሲባጎ አሰሩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልብስ ላጥብ ስል ሳሙናው ላይ የሰው ጥርስ አገኛለሁ። የባሌን ሸሚዝ በዚያ ሳሙና ከማሸቴ በፊት የአባቱ ጥርስ ያረፈበትን በቢላ እፍቃለሁ።

ሳሙናው ሲሟሟ ደግሞ ከቱቦው ሥር የዱቄት ወተት ጣሳ አንጠለጠሉ። የተጠራቀመውን በካልሲ አጥልለው ወደ ታንከሩ ይመልሱታል። ካልሲው ከማን እግር እንደወለቀ ባልናገር ይሻላል፤ ሳይታጠብ እንደነበር ግን አፍንጫዬ ይመሰክራል። ባሌን አንተ እንኳ ንገራቸው ስለው፣ አባቴ ያውቃል ብሎ ጆሮ ዳባ ልበስ አለኝ።

ያ ጣሳ ነው ጉድ የሠራን። ፋብሪካው ግቢ ውስጥ መሬት ላይ ጠብታ ከታየ ከበር ይመልሳሉ። አማቴም እንዳያስነቃባቸው ሊገቡ ሲሉ የሞላውን ጣሳ አንሥተው የመኪናዋ መጫኛ ላይ ያስቀምጡትና ባዶ ያንጠለጥላሉ። አንድ ቀን የሞላውን እዚያው ጆንያዎቹ መሀል ረስተውት ነዱ። መንገድ ላይ ፍሬን ሲይዙ ጣሳው ተገለበጠ። ዳቦ ቤቱ ዱቄቱን አሽትቶ መለሰው። የፋብሪካው መጋዘን ኃላፊ፣ ነጭ ካፖርት የምትለብስ ቁጥብ ሴት ናት፣ አልጮኸችባቸውም። የተበላሸውን ዱቄት ይዘው እንዲሄዱ ነገረቻቸው፤ በሚቀጥለው ጭነት በር ላይ ራሷ ጎንበስ ብላ ቱቦውን በጣቷ እንደምታብሰው፣ ጣቷ ከረጠበ ተራቸው ለሌላ መኪና እንደሚሰጥ ጨመረችላቸው።

እሳቸው የተበላሸውን ዱቄት የትም አልጣሉትም። ቤት አመጡት። በርሜል ውስጥ ገለበጡትና ጋግሪው አሉኝ። እንዴት እምቢ እላለሁ፤ ጋገርኩት። ቤቱ እንደ ጋራዥ ሸተተ። ባሌ ዓይኑን ጨፍኖ እንደ መድኃኒት ዋጠው። እኔ አንድ ጉርሻ አፌ ውስጥ አድርጌ መዋጡም መትፋቱም አቃተኝ፤ በመጨረሻ እጄ ላይ ተፋሁት። አማቴ ሻይ ውስጥ እየነከሩ «እሳት ነክቶታል እኮ፣ ምን ይሆናል?» አሉ። ለልጄ ቆርሰው ሲዘረጉላት ግን ደሜ ፈላ።

«አባባ» አልኳቸው፣ «ወይ ቱቦውን ያሠሩት፣ ወይ ይህን ዳቦ ብቻዎን ይብሉት።»

ሁለቱንም እሺ አሉ። ከዚያ ወዲህ ከበርሜሉ ራሳቸው እየዘገኑ፣ በመጥበሻ እየጠፈጠፉ ብቻቸውን ይበሉ ጀመር። እኛ በርሜሉ ያለበትን ጥግ ዞረን ነው የምናልፈው። ቱቦ ጠጋኙ ዘንድ ደግሞ በዋጋ የሚከራከርላቸው ስለፈለጉ ይዘውኝ ሄዱ።

ጠጋኙ ከቁም ሣጥን የማትበልጥ ሱቅ ውስጥ ነው የሚሠራው። ከመኪናዋ ሥር ገብቶ ሲባጎውን ቆረጠ፣ ጎማውን ፈታ፣ ከሥሩ ግራጫ የሆነ፣ ፀጉርና አቧራ የለበሰ የሳሙና ልፋጭ በጣቱ ሲመጣለት ፊቱን አዞረ። እኔም አዞርኩ። ዳዶውን ሲፈታው የቱቦው አፍ ተጨፍልቆ ተሰንጥቋል። መጀመሪያ ያላበው መሀል ያለችው የመዳብ ቀለበት ስለደረቀች ብቻ እንደነበር፣ አፉን የሰነጠቀው መፍቻ መሆኑን ነገረን። የተጎዳውን ጫፍ ቆረጠው፣ አዲሱን ጫፍ እንደ መለከት አሰፋው፣ ቀለበቷን በእሳት አግሎ ውኃ ውስጥ ሲነክራት ለሰለሰች፣ አዲስ ዳዶ አስገባ። በአጭር መፍቻ አጠበቀና አቆመ። ሞተሩ ሲነሣ ነጭ ጨርቅ አስጠጋ፤ ጨርቁ ነጭ ሆኖ ተመለሰ። የጠየቀው ዋጋ ክርክር አላስፈለገውም፤ እኔ ለሳሙና ካወጣሁት ያንሳል። ደስ ሊለኝ ሲገባ ይባስ አንገሸገሸኝ። ያ ሁሉ ግማት ለዚህ ነበር?

«አባቴ፣ ይቺ በጉልበት አይደለም የምትዘጋው» አላቸው ጠጋኙ። «ቱቦዋ አጥራለች፣ ከዚህ በኋላ የሚቆረጥ የላትም። መፍቻ እንዳያስጠጉባት።»

ወደ ቤት ስንመለስ አማቴ በግራ እጃቸው ብቻ ይነዳሉ። ቀኝ እጃቸው ጉልበታቸው ላይ አየር ይዞ ይዞራል። በር ላይ ስንደርስ «በደንብ አልጠበቀም» አሉ፣ ለራሳቸው።

እዚህ ላይ ሊጨምሩበት እንደሆነ ገባኝ። ገብተው ጋደም እንዳሉ ክንድ የሚያህለውን መፍቻ አንሥቼ የት እንደምደብቀው አሰብኩ። አልጋ ሥር ይፈልጋሉ፣ ማገዶው ውስጥ ይፈልጋሉ። ሰው እጁን የማይሰድበት ቦታ ይሁን ብዬ ያ የሚከረፋ በርሜል ትዝ አለኝ። አፍንጫዬን ይዤ ክንዴን እስከ ክርን ሰደድኩና ከዱቄቱ ሥር ቀበርኩት። በብልጠቴ ኮራሁ። ቱቦውም ደረቅ ሆኖ ሰነበተ፤ ጣሳውን አውጥቼ ጣልኩት፣ አዲስ ሳሙና ገዛሁ።

የጭነቱ ቀን ጠዋት ባሌ ሸራውን እያጠፈ ነበር። እኔ ደግሞ እንደ ጠጋኙ ነጭ ጨርቅ ይዤ ከመኪናዋ ሥር ጎንበስ አልኩ። ዳዶው ላይ ነጭ የጣት አሻራ አየሁ። ዱቄት ነው። አውራ ጣት ከላይ፣ ሌሎቹ ከሥር፣ ሲጠብቅ የተጫነበት ቦታ ሁሉ ይታያል። ከሥሩ አንዲት ጠብታ አበጠችና እጄ ላይ ወደቀች።

ያንን ዱቄት የማይጸየፍ አንድ ሰው ቤታችን ውስጥ እንዳለ እንዴት ረሳሁት? ቁርሳቸውን ሊዘግኑ እጃቸውን ሲሰዱ ነው መፍቻው የተገኘው።

ዞር ስል አማቴ ከኋላዬ ቆመዋል። እስከ ክርናቸው ነጭ ናቸው። ዓይኔን አላዩም።

«አንዴ ብቻ ነው የጨመርኩላት» አሉ።

ብናገር ስድብ ይወጣኛል፤ ዝም ብል ደግሞ ሴትዮዋ ፋብሪካው በር ላይ ጣቷን አዘጋጅታ ትጠብቃለች። ባሌ ሸራውን ጥሎ መጣ፤ ጠብታውን አየና እሱም መሬት መሬት አየ። አማቴ ወደ ማጠቢያው ሄደው አዲሱን ሳሙና ይዘው ተመለሱ። «እስከ ፋብሪካው በር ብቻ ብትይዝልን ምናለ» አሉ። ሳሙናው አዲስ ስለሆነ እንደ ድንጋይ ነው፤ የቀሯቸው ጥርሶች ተንሸራተቱበት። ደግመው ሞከሩ፣ ምራቃቸው ብቻ ቀረበት። ከዚያ ወደ እኔ ዘረጉት።

ልጄ በር ላይ ቆማ ታየኛለች። ሳሙናውን ተቀበልኳቸውና ምራቃቸውን ሳልጠርግ ገመጥኩት።